የባላምባራስ የቡና መኪና

ሰው ቡና የሚጠጣው ለምንድን ነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ እንቅልፍ ለማባረር፣ ራስ ምታት ለማስታገስ፣ ጎረቤት ለማማት ብዬ ሦስት መልስ እሰጣችኋለሁ፤ ሦስቱም እውነት ናቸው። ከመጠጣት በፊት የሚመጣውን ነገር ግን ማንም አይጠይቅም። እሱም ማመን ነው። ውሃ ቢሰጧችሁ እስከ ታች ድረስ ይታያችኋል። ወተት ላይ ዝንብ ብትወድቅ ከሩቅ ትለያላችሁ። ቡና ግን ጥቁር ነው፤ ምን እንደገባበት አይናገርም። ከሰው እጅ ተቀብላችሁ ፉት የምትሉት ያፈላውን ሰው አምናችሁ ነው። «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» ያሉት አበው፣ ገንፎን ያህል ነጭ ነገር ጠርጥረው ሲያበቁ ቡናን ዝም ብለው ማለፋቸው ይገርመኛል። ምናልባት ተረቱን የተረቱት ቡና እየጠጡ ይሆናል።

እኔ ይህን ሁሉ ያወቅሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከአማቴ ነው።

አማቴ ባላምባራስ እሸቴ ከየካ ሚካኤል በላይ፣ የእንጦጦ ዳገት በሚጀምርበት አፋፍ ላይ፣ ዙሪያውን ባሕር ዛፍ በከበበው ግቢ ይኖሩ ነበር። እኔና ባለቤቴ አስካለ፣ ማለትም ልጃቸው፣ እዚያው ጓሮ ባለች ሁለት ክፍል ቤት ተጠግተናል። ዘመኑ የሃምሳዎቹ ማብቂያ ነው፤ እኔ ወደ ኮተቤ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ሳይንስ አስተምራለሁ። ባላምባራስ ሳይንስ ማስተማሬንም በሙሉ ልብ አይወዱትም ነበር፤ በጠርሙስ ውስጥ ነገር የሚቀላቅል ሰው ጓሮ ማስቀመጥ ቀላል አይደለም።

ሰው በመንገድ ላይ ዝቅ ብሎ እጅ ከነሣቸው «ምን ፈልጎ ነው?» ይላሉ። ዝም ብሎ ካለፈ ደግሞ «ምን ደብቆ ነው?» ይላሉ። ሾላ ገበያ ወርደው ቡና ሲገዙ ከአንድ ነጋዴ ሁለት ጊዜ አይገዙም፤ በእሳቸው ሐሳብ ደንበኛ መሆን ማለት «ዛሬ የምጠጣው ይኸውልህ» ብሎ ለሰው ምስጢር መስጠት ነው። እቤት ውስጥም ወጥ ሠሪያቸው ዘነቡ ያልቀመሰችው ነገር በከንፈራቸው አያልፍም። መቼም የጠጅ አሳላፊ በመዳፉ ጠብ አድርጎ፣ ቀምሶ ማቅረቡ የታወቀ ወግ ነው፤ የባላምባራስ ግን ከወግም ያለፈ ነበር። ወጡን፣ ጠላውን፣ ቡናውን፣ ኮሶውን ሳይቀር ዘነቡ ትቀምሳለች፤ እሳቸው ፊቷን ትንሽ አየት ያደርጉና ደኅና መሆኗን አረጋግጠው ይቀጥላሉ። ኮሶውን ካልቆጠርን፣ ከቤቱ ሰው ሁሉ የደላት ዘነቡ ነበረች።

ነገሩ የባሰው ከታናሽ ወንድማቸው ከአቶ ሽፈራው ጋር ከተጣሉ በኋላ ነው። ከአባታቸው የወረሱት የባሕር ዛፍ ደን ነበር፤ ወሰኑ የቱ ጋ እንደሆነ ሊስማሙ አልቻሉም። በክርክሩ መሀል ባላምባራስ ወንድማቸው ቤት ቡና ጠጥተው ተመለሱና ሆዳቸውን ታመሙ። በዚያው ዕለት ሠርግ ቤት ጥሬ ሥጋ መብላታቸውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ግን ሥጋው ከማንም ጋር የወሰን ክርክር ስላልነበረው አልተጠረጠረም። ከዚያ ደግሞ የአቶ ሽፈራው በቅሎ ባላምባራስ ደጃፍ ታስራ ውላ፣ በማግስቱ ሞተች። በቅሎዋ አርጅታ ነበር። እርጅና ግን ተከሶ አያውቅም። ወንድማማቾቹ እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆኑና አንዱ ካንዱ ደጅ እግሩን አነሣ።

በዚህ መሀል የተጎዳችው አስካለ ናት። እናቷ የሞተችው ገና በሕፃንነቷ ስለነበር ያሳደጓት አጎቷ አቶ ሽፈራውና ሚስታቸው ናቸው። ጠብ ሲመጣ አባትየው ወደዚያ ቤት እንዳትሄድ ከለከሏት። እኔ ሳገባት እንኳ አጎትየው ከአጥር ውጭ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ቆመው ሲያለቅሱ ነው የተሸኘችው። ይህ አንጀቴን ይበላኝ ነበር። በኋላ የመጀመሪያ ልጃችን ተወለደች፤ ሴት ናት። ክርስትና የምትነሣበት ቀን ሲቃረብ አስካለ አንድ ነገር ብቻ አለች፤ «ያሳደገኝ ሰው ሳይስማት ልጄ ቤተ ክርስቲያን አትሄድም።»

ሽማግሌ ተላከ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ የንስሐ አባታቸው፣ ሌላው ከዳገቱ ላይ የሚያርሱት ጎረቤታችን አቶ ቱፋ ነበሩ፤ በሁለት ቋንቋ የሚያስታርቁ፣ በሁለቱም የሚቀልዱ ሰው። ሲመላለሱ ከርመው ስምምነት ተገኘ፦ አቶ ሽፈራው ታናሽ ናቸውና በእሑድ ቀን ወደ ታላቃቸው ቤት ይመጣሉ፤ ይቅር ይባባላሉ፤ አንድ ላይ ቡና ይጠጣሉ። ቡናው ካልተጠጣ እርቁ የአፍ ነው።

ባላምባራስ ሁሉንም ተቀበሉ። «ግን ማን ያፈላዋል?» አሉ። ዘነቡ እንዳንል፣ ሾላ ገበያ ከአቶ ሽፈራው ወጥ ሠሪ ጋር ስትሳሳም በዓይናቸው አይተዋታል። ሁለት ወጥ ሠሪዎች በበርበሬ ተራ ቢገናኙ ምን ይሠራሉ ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። እሳቸውም የጠየቁት ይህንኑ ነው።

መድኃኒቱ የተገኘው ከተከራያቸው ነው። ከታች ባላቸው ቤት አንድ ጀርመናዊ መሐንዲስ ይኖር ነበር። ባላምባራስ አንድ ቀን ጎራ ሲሉ፣ ሰውየው ጠረጴዛው ላይ ሽቦ ያለው ዕቃ ሰክቶ፣ ማንም ሳይነካው ቡና ከላይ ጠብ ጠብ እያለ በመስታወት ማንቆርቆሪያ ሲጠራቀም አዩ። እየታየ! ያን ዕለት ቤት የገቡት ሀብት እንዳገኘ ሰው ፊታቸው በርቶ ነው። «የሰው እጅ የሌለበት ቡና» አሉኝ። «ነገ ፒያሳ እንወርዳለን፤ አንተ ሳይንስ ታውቃለህ፣ ትመርጥልኛለህ።»

ወረድን። ባለሱቁ አማርኛን ከእኛ አሳምረው የሚናገሩ አንድ ሽማግሌ ግሪክ ነበሩ። መጀመሪያ ያወጡልን የጣሊያን ሥሪት፣ ወገቡ ቀጭን የብረት ማፍያ ነው። ውሃው ሲፈላ ዕቃው ይገለበጣል፤ ቡናው ከላይ ወደ ታች ይንጠባጠባል። ባላምባራስ «የሚገለበጥ ነገር አልፈልግም» አሉ፤ በዚያን ሰሞን ስለመገለበጥ ጮክ ብሎ የሚያወራ ሰው ስላልነበረ እኔም ባለሱቁም በር በሩን አየን። ሁለተኛው አናቱ ላይ የመስታወት ጉልላት ያለው፣ ውስጥ ለውስጥ የሚንዶቀዶቅ ማንቆርቆሪያ ነው። ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጡና «ይኼ ማንሾካሾክ ያበዛል» ብለው መለሱት።

ሦስተኛው የመሐንዲሱ ዓይነት ሆነ። የውሃው ገንዳ መስታወት፣ የቡናው ማንቆርቆሪያ መስታወት። ባላምባራስ ጣታቸውን በየቀዳዳው ሰደዱ፤ አሸተቱ፤ ገልብጠው አራገፉት። ምንም አልወደቀም። እንግዲህ ያለቀ ሲመስል ባለሱቁ ነጭ የማጥለያ ወረቀት አወጡ። አማቴ ፊታቸው ጠቆረ። ባለሱቁ ያልገባቸው፣ እናንተ ግን የሚገባችሁ ነገር አለ፦ በአገራችን ወረቀት በውሃ ታጥቦ ከተጠጣ፣ የጻፈበት ደብተራ አለ ማለት ነው፤ የሚጻፈውም ሁልጊዜ ለደግ አይደለም። ስለዚህ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ በመስኮቱ ብርሃን ላይ ዘርግተን ፊደል ፈለግን። አልነበረም። ደከመኝና «ባላምባራስ፣ ይኼኛው ይሻላል» አልኩ። አዩኝ፤ «አንተ ነህ ያልከው» አሉና ገዙት።

ቅዳሜ ዕለት ማድ ቤቱን ከውስጥ ቆለፉት። ባላምባራስ ቡና ሲቆሉ ከሽታው ዐወቅን፤ ሲያሳርሩም ከሽታው ዐወቅን። ቀጥሎ የሙቀጫ ድምፅ ተሰማ። ካባ ለብሰው ችሎት የሚቀመጡ ሰው ቡና ሲወቅጡ መስማት ለሰፈሩ ትልቅ ነገር ነው፤ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ሳይቀሩ ሸክማቸውን አጥሩ ላይ አስደግፈው አዳመጡ። ዘነቡ በሩ ላይ እጇን አጣምራ ቆማ «ጉድ ነው» ትል ነበር።

እሑድ አቶ ሽፈራው መጡ። ከስተዋል። ወንድማቸው ጉልበት ላይ ወድቀው ተነሡ፤ ተሳሳሙ፤ ቄሱ ባረኩ፤ አስካለ ልጇን ታቅፋ ከጓዳው በር ላይ ሆና አለቀሰች። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ተባለ። ከዚያ ባላምባራስ መኪናውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ሽቦውን ሰኩት።

ቡና ሲፈላ ሰው ይጫወታል እንጂ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ያን ዕለት ግን ዓይኑን ከማንቆርቆሪያው የነቀለ አልነበረም። ጠብ። ጠብ። አቶ ሽፈራው እየቆዩ ፊታቸው ተለወጠ። እሳቸው የሚያውቁት የዘነቡን ጀበና ነው፤ እንዲህ ያለ ዕቃ ወደዚህ ቤት የገባው እሳቸው ሊመጡ ሲሉ ነው። ዛሬ ብቻ ለምን? ነገሩ በግንባራቸው ላይ ይነበብ ነበር።

ሲኒው ሲቀርብላቸው አልተቀበሉም። «ወንድም ጋሼ፣ ማን አፈላው?» አሉ በትሕትና።

«ቆላሁት እኔ፣ ወቀጥሁት እኔ። ሌላ እጅ አልገባበትም» አሉ ባላምባራስ፣ በኩራት።

«እንግዲያው ይቅመሱልኛ።»

ባላምባራስ እሸቴ፣ ሳይቀመስላቸው ቀምሰው የማያውቁት ሰው፣ ለታናሽ ወንድማቸው ቀማሽ ሊሆኑ ነው።

«መኪናው ነው ያፈላው» አሉ በመጨረሻ።

«ሕጉ ያፈላ ይቅመስ ነው» አሉ አቶ ቱፋ። «እሱ አፍ ካለው ይቅመስ።»

ማንም አልሳቀም። ባላምባራስ ሲኒውን አነሡ፤ አፋቸው ጋ አድርሰው አቆሙት። የቡናውን ፍሬ ከማን እንደገዙ፣ ውሃውን ማን እንደቀዳ ሲያስቡ ታየኝ። በስተመጨረሻ ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ።

«የመረጥከው አንተ ነህ» አሉና ሲኒውን ዘረጉልኝ።

ተቀበልኩ እንጂ ምን ላድርግ? ግን ልንገራችሁ፣ አፌ ጋ ከማድረሴ በፊት አሸተትኩት። ማድ ቤቱ ተቆልፎ አልነበር? ውስጥ ምን እንደተደረገ እኔስ በምን አውቃለሁ? አቶ ሽፈራው ኮፍያቸውን ሊያነሡ እጃቸውን ሰደዱ። ኮፍያው ከተነሣ እርቁ አበቃ፤ ክርስትናውም አበቃ።

ያኔ አስካለ መጣች። ልጇን እንደታቀፈች ሲኒውን ከእጄ ቀማችኝና ተጎነጨች።

«ልጄ!» የሚል ጩኸት ተሰማ፤ የጮኹት ሁለቱ ወንድማማቾች ናቸው፣ እኩል። ሁለቱም ከወንበራቸው ተነሥተው ነበር፤ ቀድመው የደረሱት ግን አጎትየው ናቸው። ሲኒውን ከአፏ ነጠቁና ትኩር ብለው አይዋት። «አንቺ ከጠጣሽው እኔ ምን ቀረኝ» አሉና የቀረውን በአንድ ትንፋሽ ጨለጡት። ባላምባራስ ደግሞ ሲኒ እስኪፈልጉ አልጠበቁም፤ ማንቆርቆሪያውን እንዳለ አንሥተው፣ ካባቸው ላይ እያፈሰሱ ጠጡ።

ከዚያ ሁላችንም ቆመን ጠበቅን። ሕፃኗ አለቀሰች። ቄሱ መስቀላቸውን አወጡ።

«ኧረ ለኔም ስጡኝ» አሉ አቶ ቱፋ፤ «ብቻዬን ተርፌ ለፖሊስ ምን ልናገር ነው?» ተቀዳላቸው። ፉት ብለው ፊታቸውን አጨማደዱ። «ባላምባራስ፣ መርዝ የለበትም። ቡናም ግን የለበትም።»

መጀመሪያ የሳቁት አቶ ሽፈራው ናቸው። ወንድማቸው ተከተሉ፤ ሳቁ ወደ ልቅሶ ሲዞር አንገት ለአንገት ተያይዘው ነበር። ዘነቡ ማንም ሳያዛት ያፈላችውን ጀበና ይዛ ገባች።

ልጃችን ክርስትና የተነሣችው በአቶ ሽፈራው እቅፍ ሆና ነው። መኪናው የዳንቴል ልብስ ተሰፍቶለት ሳሎን ተቀመጠ፤ እንግዳ ያየዋል፣ ማንም አይሰካውም።

መታረቅ ግን መተማመን አይደለም። ወንድማማቾቹ ከዚያም በኋላ አንዱ ካንዱ ቤት የሚጠጡት አስካለ ከቀመሰችው ብቻ ነው። ዘነቡ ከሥራዋ ወረደች፣ ባለቤቴ ተሾመች። ቅዳሜ እዚያ፣ እሑድ እዚህ ትጠራለች፤ ሌሊቱን እንቅልፍ የላትም።

እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። አማቴ ያን ሲኒ የዘረጉልኝ ስለሚያምኑኝ ነው ወይስ ብሞትም ስለማይቆጫቸው? አንድ ቀን ጧት አስካለን ጠየቅኋት። ለሁለታችን ቀድታ አንዱን ሲኒ ፊቴ አኖረች።

«ጠጣ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል።»

የራሷን ግን ገና አልቀመሰችም። ጠበቅሁ።