በብስክሌት የደረስኩበት ለቅሶ

በቡድን መጓዝ ከብቸኝነት ያድናል ያለ ሰው ብስክሌት ነድቶ አያውቅም። በእግር ስትሄድ ታወራለህ። ሚኒባስ ውስጥ ሌላው ቢቀር ከጎንህ ያለው ሰው ትከሻህ ላይ ይተኛል። በብስክሌት ግን የምታየው የሰው ጀርባ ነው። እሱም ቢሆን እየራቀህ ይሄዳል።

ከእንጅባራ ተነስተን፣ መንገድ ላይ እያደርን፣ ጎንደር ልንገባ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ማደሪያችን ዳንግላ ነው። "አይዞህ፣ የሚበዛው ቁልቁለት ነው፤ ብስክሌቱ ራሱ ይወስድሃል" ብለውኝ ነበር የቡድኑ ሰዎች። እነሱን ወሰዳቸው። እኔን ጉም ውስጥ ጥሎኝ ነው የሄደው።

በዚህ ዕድሜህ ምን አስገባህ ትለኝ ይሆናል። ስፖርት እንዳይመስልህ። ይበልጣል የሚባል ሰው ስለሚሄድ ነው።

ይበልጣል ዩኒቨርሲቲ አብሮኝ የተማረ ሰው ነው። ስንመረቅ ለረዳት መምህርነት አንድ ቦታ ነበረች። በውጤት የምቀድመው እኔ ነበርኩ። ቦታዋ ግን ለእሱ ሆነች። እንዴት? እኔም እስከ ዛሬ እየጠየቅሁ ነው። እሱ ዶክተር ተባለ፤ እኔ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ በሰው ደብዳቤ ላይ ማኅተም እመታለሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሚስት ያላገባሁት እንኳ ለእሷ የሚተርፍ ሐሳብ አጥቼ ነው ይላሉ ጎረቤቶቼ። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከጎኑ እየነዳሁ፣ ከራሱ አፍ፣ "ቦታው ያንተ ነበር" ሲል መስማት። ካሳ አልፈልግም።

ታዲያ ከጎኑ መድረሱ ነው የጨነቀኝ።

አዲስ ቅዳም ከተማን አልፌ ብቻዬን ሳለከልክ አንድ ቀብር አስፋልቱን ዘግቶ መጣ። የእኛ አገር ሰው ፈረሰኛ ነው። ፈረሰኛ ደግሞ አስከሬን ሲያልፍ ኮርቻ ላይ አይቀመጥም። ይወርዳል፣ ፈረሱን ይስባል፣ ጥቂት ይሸኛል። ብስክሌት ከፈረስ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? ማንን ልጠይቅ? ወረድኩ። ለሟች ክብር ብቻ ነው ብዬ አልዋሽህም፤ ጉልበቴም ሰበብ ይፈልግ ነበር።

ጥቂት ሸኝቼ ልመለስ አሰብኩ። ማን ይለቅሃል? አንድ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ እጄን ያዙኝ።

"ከየት መጣህ ልጄ?"

"ከእንጅባራ ነው አባባ።"

"ከእንጅባራ? በዚህ ነገር?" ወደ ሰዉ ዞሩ። "አያችሁ? መኪና ቢያጣ በዚህ መጣ! ዘመድ ማለት ይህ ነው!"

ዘመድ አይደለሁም ልል አፌን ስከፍት ሰዎቹ ብስክሌቴን ተቀብለውኝ ሄደዋል። ፈረሶቹን የሚጠብቀው ሰው ከፈረሶቹ ጋር ዛፍ ላይ በገመድ አሰረው።

"ይራገጣል እንዴ?" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ባለቤቱን ብቻ" አልኩት።

አስከሬኑ መስክ ላይ አረፈ። ሟቹ ብርቱ ገበሬ ነበሩ አሉ። አልቃሿ ተነሳችና እንዲህ አለች፦

እሱ ያረሰውን ሌላ ዘራበት፣
ሊያጭድ ቢነሳ ሞት ቀደመበት።

ወዳጄ፣ እኔ መጀመሪያው ስንኝ ላይ አለቀልኝ። እሱ ያረሰውን ሌላ ዘራበት! የእኔን ጉድ ለዚህች ሴት ማን ነገራት? ያኔ በምረቃው ቀን የዋጥኩት ሁሉ ወጣ። አገር ጉድ እስኪል አለቀስኩ። ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ደግፈው ያዙኝ። ሴቶቹ እኔን አይተው እንደ አዲስ ጀመሩ። የሟች ልጆች ሳይቀሩ የራሳቸውን ትተው እኔን ማጽናናት ያዙ። "ተው፣ በቃህ፣ ፈጣሪን ታስቀይማለህ" ይሉኛል ሽማግሌው።

ቀና ስል ይበልጣል ፊቴ ቆሟል። መዘግየቴን አይቶ፣ ወድቆ ይሆናል ብሎ ተመልሶ ኖሯል። ሄልሜቱን አውልቆ ደረቱ ላይ ይዞታል።

"ምንህ ናቸው?" አለኝ በሹክሹክታ።

ሽማግሌው ቀደሙኝ። "ሥጋው ናቸው እንጂ! አታየውም እንዴ?"

ቀብሩ አልቆ፣ ንፍሮ ቀምሰን መንገድ ስንገባ ከጎኔ ሆኖ ነዳ። ቀስ ብሎ፣ ለእኔ ሲል። ከዚያ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ "ያኔ ቦታው ያንተ ነበር" አለኝ። "እኔም አውቅ ነበር።"

ሰማኸው? ቃል በቃል! ለዚህ ቀን ያዘጋጀሁት መልስ ነበረኝ፤ በየዓመቱ ሲሻሻል የኖረ፣ ስብከት የሚያህል። ከአፌ የወጣው ግን "እሺ" ነው። "እሺ" ብቻ።

ወዲያው ደግሞ ሌላ ነገር መጣብኝ። ለሐዘንተኛ ምን የማይባል አለ? ሟች ገነት ገባ ይሉሃል፤ አይተው ነው? ይበልጣልስ የነገረኝ እውነቱን ነው ወይስ እንደ ሐዘንተኛ እዝን ነው ያቀመሰኝ? "ሰውየውን አላውቃቸውም፣ ያለቀስኩት ባንተ ነው" ብዬ ብነግረው፣ ቃሉን መልሶ ቢወስድብኝስ? ፔዳሌን መርገጥ ቀጠልኩ።

ዳንግላ ስንደርስ ወሬው በይበልጣል ስልክ ቀድሞናል። ቡድኑ በሙሉ ከመቀመጫው ተነሳ። "እግዚአብሔር ያጥናህ።" "ነፍስ ይማር።" አንዷ ውሃ አመጣችልኝ፤ አንዱ ወንበሩን ለቀቀልኝ፤ ሁሉም ዙሪያዬን ተቀመጠ። ስበደል አንድ ሰው እንኳ ከጎኔ አልተቀመጠም ነበር። "ምንህ ነበሩ?" አሉኝ።

"የእናቴ ወንድም" አልኩ።

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ አበው፤ ቂምህን ተው ለማለት ነው። የእኔ ምክር ሌላ ነው። የተበደልክ እንደሆነ አትክሰስ፣ አትከራከር፣ የሚሰማህ የለም። ዘመድ ይሙትብህ። የሚሞት ዘመድ ከሌለህ ደግሞ መንገድ ዳር ቆመህ ተዋስ።