ቁጥሩ ያልገጠመው ጠመንጃ

በየሰፈሩ አንድ የአሮጌ ዕቃ ዳኛ አይጠፋም። በእኛ ሰፈር ችሎቱን የያዙት ጡረታ የወጡት ቁልፍ ሠሪ፣ ክቡር አትንኩት ናቸው። በአሥራ ስድስት ዓመታቸው ጫካ ውስጥ ጉም ውጧቸው ሦስት ቀን ጠፍተዋል። ቅጠል በልተው፣ ጤዛ ልሰው፣ አንድ ሽማግሌ አዳኝ በየሰዓቱ የሚተኩሱትን ድምፅ እየተከተሉ በሕይወት ወጡ። ሌላ ሰው ቢሆን ከዚያ ወዲያ የጠመንጃ ስም አያነሳም ነበር፤ እሳቸው መሰብሰብ ጀመሩ።

አሁን መቀርቀሪያቸው በእጅ እየተሳበ የሚጎርሱ አሥራ አንድ አሮጌ የአደን ጠመንጃዎች አሏቸው። የመንግሥት ፈቃዱ በመስታወት ተከቦ ከሠርጋቸው ፎቶ በላይ ተሰቅሏል። ባለቤታቸው፣ "እኔ ሙሽራ ሳለሁ እንኳ እንዲህ በዘይት አልታሸሁም" ይላሉ።

ሕጋቸው ሁለት ነው። አንደኛው፣ "አትንኩት!" ጭረቱም፣ የባለቤቱ የእጅ ወዝም ዋጋ ነው። ሁለተኛው፣ በመቀርቀሪያውና በአፈሙዙ ላይ የተቀረጸው ቁጥር አንድ መሆን አለበት። ካልሆነ፣ "የሰው ጥርስ የተዋሰ አፍ ነው" ብለው ይመልሱታል።

እኔም ተፈርዶብኛል። የአጎቴን ጠመንጃ ላስገምት ስል፣ እንዳያሳፍረኝ ብዬ ሰደፉን በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ፣ ቫርኒሽ ቀብቼ፣ አብለጭልጬ ወሰድኩት። አይተው ቁጭ አሉ። ውሃ ጠየቁ።

"ማን ሞተ?" አሉ ባለቤታቸው ከጓዳ።

"የመቶ ዓመት ወዝ! ገዳዩም ይኸው፣ በእግሩ መጣ!"

ሁለት ወር ሙሉ ሰላምታዬን በአገጫቸው ብቻ መለሱልኝ።

ባለፈው ሳምንት እሳቸው ቤት ቁጭ ብዬ ሳለሁ አንዲት ሴት በብርድ ልብስ የጠቀለሉትን ጠመንጃ ይዘው ገቡ። የዚያ የጫካው አዳኝ ልጅ ነኝ አሉ። ጣራቸውን ነፋስ ገንጥሎታል፣ ዝናቡ ደርሷል፣ ከአባታቸው የቀረ ደግሞ ይኸው ብቻ ነው። ሰደፉ ተሰንጥቆ በሽቦ ታስሯል። ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ዓመቴ ስለሆነ የተጻፈ ነገር ሳላነብ አላልፍም፤ አንገቴን አሰገግኩ። ቁጥሩ አይገጥምም።

"ጋሼ፣ ለቆርቆሮ መግዣ ይበቃል?"

ክቡር አትንኩት መቀርቀሪያውን ሳቡ፣ መለሱ፣ ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጡ። ከዚያ ተነስተው፣ ለስንቱ ገዢ "ስሞት ውሰዱት" ያሉትን፣ ቁጥሩ አንድም ያልተዛነፈውን የግድግዳውን ንጉሥ አወረዱ።

"እህቴ፣ ነገ ይኼ ይሸጣል፣ ጣራሽ ይሠራል። ያንቺው እዚህ ይቀራል።"

"አንተ ሰውዬ፣ ለየልህ?" አሉ ባለቤታቸው። ይሁን እንጂ ባዶ የቀረውን የግድግዳ ቦታ ሮጠው የወለወሉት እኚሁ ባለቤታቸው ናቸው።

ሴትዮዋ እንደወጡ አላስቻለኝም።

"ክቡርነትዎ፣ ቁጥሩ እኮ አይገጥምም! ከዚህስ የኔው ብልጭልጭ አይሻልም?"

"ዝም በል፣ አንተ ነፍሰ ገዳይ" አሉኝ፣ ሽቦውን በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ። "ያን ጊዜ በሕይወት ያቆየኝ ቅጠሉ መሰለህ? በየሰዓቱ ይኼ ይጮህ ነበር። በጮኸ ቁጥር፣ አንድ ሰው ዛሬም እየፈለገኝ ነው እል ነበር። ዋናው እሱ ነው። ሌላው ሁሉ ብረት ነው።"