ክቡር ኢንጂነር ሽበሺ ከእዮኤል ጋር ሲጨቃጨቁ

ከእሱ በፊት የሠራውን ሰው ሳያማ መፍቻ የሚያነሣ ባለሙያ በዚህች አገር አልተወለደም። ቧንቧ ሠሪው ገና ቧንቧውን ሳይነካ ራሱን ይነቀንቃል። ኤሌክትሪክ ሠሪው ሶኬቱን ከፍቶ ያፏጫል። ከዚያ ያቺው ጥያቄ ትመጣለች፦ «ይሄን ማን ነው የሠራው?»

የዚህ ወገን አለቃ ሐዋሳ ፒያሳ፣ ከጫማ ቤት በላይ ቢሮ ያላቸው ክቡር ኢንጂነር ሽበሺ ናቸው። ሠላሳ ዓመት አልሞላቸውም፤ ድረ ገጽ ይሠራሉ። ጥያቄያቸው ግን ከሙያቸው አልፎ ይሄዳል። ጁስ ቤት ገብተው አቮካዶውን አንዴ እንደተጎነጩ አስተናጋጇን ጠርተው «ይሄን ማን ነው የጨመቀው?» ብለዋል። ቱላ ወዳለው የኮሌጃችን ቅርንጫፍ አብረን ስንሄድ ደግሞ የባጃጁ በር የታሰረበትን ሲባጎ አዩ።

«ይሄን ማን ነው ያሰረው?»

«እኔ ነኝ» አለ ሹፌሩ።

«ወንድሜ፣ አንተ ንዳ። ማሰር አልሆነልህም።»

ቱላ ስንደርስ በሩ በአዲስ ቋጠሮ ታስሮ ነበር።

እኔ በኮሌጁ የተማሪዎችን መዝገብ እጠብቃለሁ። የኮሌጁ ድረ ገጽ መልኩን የሚያገኝበት ቴም አርጅቶ መታደስ ነበረበት። ሲታደስ ግን አሮጌው ውስጥ የተጻፈ ሁሉ ይጠፋል። ሠራተኞች ብቻ በምንገባበት የአስተዳደር ገጽ ላይ ደግሞ ጠዋት ጠዋት አንዲት መስመር ትቀበለኛለች፦ «ታቢ፣ ቁርስ በልተሻል?» እሷ እንዳትጠፋብኝ ብቻ ለመንኳቸው።

ክቡርነታቸው ላፕቶፓቸውን ከፍተው ድረ ገጹ የተጻፈበትን የፒኤችፒ ኮድ ወደ ታች ወረዱ፣ አሁንም ወረዱ። ከዚያ ፉጨት።

«ይሄን ማን ነው የሠራው? እህቴ፣ ይሄ ኮድ አይደለም፤ ቤት የለቀቀ ሰው ዕቃውን የጫነበት አይሱዙ ነው! የመግቢያው ሎጎ፣ ሜኑው፣ ሰላምታው፣ ሁሉም አንድ ፋይል ላይ! ያውም በቴሙ ፋይል! አንዴ ቢታደስ እኮ ሁሉም ጭልጥ!»

«ወንድሜ ነው» አልኩ። «እዮኤል። አምና ወደ ጌታ ሄደ።»

ፉጨቱ ቆመ። ቀጥሎ የሚመጣውን አውቀዋለሁ፤ ዓመቱን ሙሉ አይቼዋለሁ። ድምፅ ዝቅ ይላል፣ ወሬ ይቀየራል፣ የወንድሜ ስም ቀስ ብሎ ከክፍሉ ይወጣል።

ክቡርነታቸው ስክሪኑን ትንሽ አዩና «ቢሆንም!» አሉ። «ቢሆንም እዮኤል፣ የአስተዳደሩን ለብቻው ብታደርገው ምን ነበረበት?»

ከዋናው ቴም ሥር እድሳት የማይነካው ትንሽ ቴም አበጁ። የእዮኤልንም ሥራ አንድ አንድ እያነሡ፣ ሎጎውን ለብቻው፣ ሜኑውን ለብቻው በየፋይሉ አስገቡ። ሁሉንም በጭቅጭቅ ነው። «ግትር ነው፤ እዪው እዚህ ጋ!» «እዚህ ጋ ደግሞ እንቅልፉ መጥቷል።» በድንገት እጃቸው ቆመ።

«ለአቶ ፍቃዱ ብቻ የማጥፊያው ቁልፍ አይታይ ይላል። ምንድን ነው?»

«ዲናችን ናቸው። አንዴ የዜናውን ገጽ እንዳለ አጥፍተውት ነበር።»

ክቡርነታቸው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ይሄስ ልክ ነው!» አሉ። ሰው ሲያመሰግኑ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እኔም ሳቅሁ፤ በእዮኤል ነገር ከሳቅሁ ቆይቼ ነበር።

መጨረሻ ላይ ሰላምታዋ ቀረች። ለብቻዋ ፋይል ሰጧትና ስሙን «እዮኤል» ብለው ጻፉ። «አድስ» የምትለውን እንድጫን ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞሩት። «እርስዎ ይጫኑት» አልኳቸው።

«ተጫኚ እንጂ! የእሱን ሥራ አላምንም፤ የራሴን ግን አምናለሁ።»

ተጫንኩ። ገጹ ነጣ። ነጥቶ ቆየ። ከዚያ፦ «ታቢ፣ ቁርስ በልተሻል?»

ከዚያ ወዲህ ድረ ገጹ ምንም አልሆነም። እኔ ግን እሳቸውን የምጠራበት ምክንያት አላጣም፤ አንዴ ሎጎው አነሰብኝ እላለሁ፣ አንዴ ሜኑው ዘገየብኝ። ክቡርነታቸው ይመጣሉ፣ ይከፍታሉ፣ ያፏጫሉ።

«ይሄን ማን ነው የሠራው?» ይላሉ፣ በገዛ እጃቸው ያስተካከሉትን እያዩ።

«እዮኤል» እላለሁ።

«አይ እዮኤል!» ይሉና ወንበራቸውን ያስጠጋሉ።