ለአያሌው እግር የሚሆን መቅዘፊያ

ጫማ መምረጥ ቀላል ነገር ይመስላችኋል፣ አይደል? እኔም ይመስለኝ ነበር። የእህቴ ባል አያሌው ውሃ ውስጥ የሚያደርገውን መቅዘፊያ ጫማ ሲመርጥ እስካይ ድረስ።

አያሌው የዳባት ልጅ ነው። በወጣትነቱ ባሕር ኃይል ገብቶ ምጽዋ ላይ ጠላቂ ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ደባርቅ መጥቶ የገብስ ነጋዴ ሆነ። ታዲያ አንድ በጋ፣ ከከተማው በላይ ያለችው ትንሽ ግድብ መውጫዋ ተደፈነና ቧንቧው ሁሉ ደረቀ። ሰው ጀሪካን ይዞ ሲንከራተት አንዱ፣ "ጠላቂ አለን እኮ!" ብሎ ጮኸ። አለቀ። ማን እምቢ ይላል?

ግድቡን የሠሩት ሰዎች ጠብታ የማያስገባ፣ ከነቦቲው የተሰፋ ልብስ ላኩ። ውስጡ አየር ይይዛል፤ ከስሩ ሹራብ ይደረባል። የዚያ ውሃ ብርድ አጥንት ይሰብራላ! አብሮ ሁለት ዓይነት መቅዘፊያ መጣ። አንዱ ረጅምና ቀላል፣ ምጽዋ የለመደው ዓይነት። ሌላው አጭር፣ ወፍራም ጎማ፣ ሲያነሡት ክንድ የሚያዝል። አያሌው የለመደውን መረጠ። ቦቲው መቅዘፊያው ውስጥ በግድ ገባለት።

ወገቡ ላይ የታሰረውን ገመድ የያዝኩት እኔ ነኝ። ዳር ላይ ሊሞክር ገባ። ወዲያው እግሩ ሽቅብ፣ ጭንቅላቱ ቁልቁል! እህቴ ጥሩወርቅ ነፍሰ ጡር ናት፤ ጩኸቷን ተራራው አስተጋባው። ጎትተን አወጣነው።

"የልብሱ አየር እግሬ ጋ ተጠራቀመ" አለ እያለከለከ። "ይሄ ጫማ ደግሞ ቀላል ነው፤ እግሬን ወደ ታች አይዝልኝም። ከባዱን አምጡልኝ።"

ጥሩወርቅ ጎንበስ ብላ የከባዱን ማሰሪያ ሳብ፣ ሳብ አደረገች።

"ውሃ ውስጥ ቢወልቅስ?"

"ይሰምጣላ።"

"አንተስ?"

አያሌው ቦቲውን ሰፊው ጎማ ውስጥ ከተተና ማሰሪያውን አጠበቀ። ውሃው እንዳይስበው የታችኛው ቧንቧ መዘጋቱን ደግሞ ጠየቀና ገባ። አሁን እግሩ ቀጥ ብሎ ታዘዘለት። ጠለቀ።

ገመዱ ሲሳብ ደህና ነኝ ማለት ነው ተባብለናል። ተሳበ። እንደገና ተሳበ። ከዚያ ዝም። እኔ ሳብኩ፤ ዝም። ውሃው ላይ አረፋ እንኳ የጠፋ መሰለኝ። ለጥሩወርቅ ምን እላለሁ? ፊቷን ማየት ፈራሁ። ያኔ ገመዱ እጄን ነጠቅ አደረገኝ። ወዲያው መውጫውን የደፈነው የበሰበሰ ቅርንጫፍ ተንሳፈፈ፤ ከኋላው አያሌው!

ልብሱን ከፍተን አወጣነው። ሹራቡ እንደ ደረቀ ነው፤ ገላው ይሞቃል። ጥሩወርቅ አቅፋው አለቀሰች። እሱ ግን በትከሻዋ በኩል እኔን አየና፣ "ምነው፣ ውሃ ውስጥ ወድቀህ ነው እንዴ?" አለኝ።

ሸሚዜ ከላብ ብዛት ይጨመቅ ነበር።