ቺፑን ያጸዳው ሰው

እኛ አገር ሰው «እምቢ» አይልም። ፍኖተ ሰላም ተወልዳችሁ ካደጋችሁ ይህን እኔ ልነግራችሁ አይገባም። ካላደጋችሁ ግን ብትሰሙት ይጠቅማችኋል። ጎረቤት ዘንድ በሬ ልትዋሱ ብትሄዱ «አላውስም» የሚላችሁ አታገኙም። «በሬውማ ምን ችግር አለው፤ ሰሞኑን ትንሽ ተክዞብኝ ነው እንጂ» ትባላላችሁ። እናንተም የበሬ ትካዜ ምን ማለት እንደሆነ ስለምታውቁ፣ «እንዲያው በዚህ ሳልፍ ሰላም ልበላችሁ ብዬ ነው» ብላችሁ ትመለሳላችሁ። በሬውም አልተዋሰ፣ ጉርብትናውም አልሻከረ፤ ስለ በሬ የተነጋገረ ሰውም የለ። «ለብልህ አይነግሩም፣ ለአንበሳ አይመትሩም» ተብሎ የለ? እኔም በዚህ ወግ ነው ያደግሁት። ሥራዬ ላይ እስኪመጣብኝ ድረስ ችግር አለበት ብዬም አላውቅም ነበር።

ሥራዬ መጻፍ ነው። ልብ ወለድ እንዳይመስላችሁ፤ የኮምፒውተር መመሪያ ነው የምጽፈው፣ ባሕር ማዶ ላሉ መልካቸውን አይቼ ለማላውቃቸው ሰዎች። ሰሞኑን ስጽፍ የከረምኩት ስለ አንዲት ቺፕ ነበር። የትንሽ ጣት ጥፍር አታክልም። ኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ ተበይዳ ምስጢር ትጠብቃለች፤ የተቆለፈ ፋይል ካለ መክፈቻ ቁልፉ እሷ ዘንድ ነው። ማንኛውም ፕሮግራም ዘው ብሎ አያገኛትም። ከርነል የሚሉት የስርዓተ ክወናው እምብርት በመካከል አለ። ጉዳይ ያለው ለከርነል ይነግራል፣ ከርነል ለቺፗ ያደርሳል፣ መልሱንም ይዞ ይመለሳል። የእኔ ፋንታ፣ ከከርነል ጋር የሚነጋገሩባቸውን መንገዶች አንድ በአንድ መመዝገብ ነው፤ እዚህ ላይ ይህን ብትጠይቅ ይህ ይመለስልሃል፣ እዚያ ላይ ይህን ቁጥር ብትጽፍ ይህ ይሆናል እያሉ። ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ነው፤ እኔም ከሩቅ ሳየው ነበር የተቀበልኩት።

እንግሊዝኛውን ጨርሼ ስልክ፣ አማርኛውንም ላዘጋጅ የሚል ሐሳብ መጣብኝ። የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አማርኛ ምን ይጎድለዋል በሚል እልህ ተነሣሥቼ አሥራ ዘጠኝ ገጽ አወጣሁ። አንባቢዬ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም የእኅቴ የፋንታዬ ባል ነው።

ይበልጣል ይባላል። ፍርድ ቤት ፊት ለፊት ጽሕፈት ቤት አለው፤ ክስ፣ መልስ፣ ይግባኝ፣ አልፎ አልፎም የሠርግ መጥሪያ ይጽፋል። የሰው ጉዳይ ተከፍቶ የሚውልበት ኮምፒውተር ነውና «ማንም ገብቶ እንዳያይብኝ ቆልፍልኝ» ቢለኝ፣ ዲስኩን ቆልፌ ቁልፉን ለቺፗ አስረከብኳት። እሱም ቺፗ ብትበላሽ የሚያገለግል አንድ ተጠባባቂ የይለፍ ቃል አወጣ። «ወረቀት ላይ አስፍረህ ብታስቀምጠው ክፉ አይደለም» አልኩት። «ክፉ አይደለም» አለኝ። እኔ «ክፉ አይደለም» ስል «ካላደረግህ ትጠፋለህ» ማለቴ ነበር። እሱ ደግሞ ክፉ አይደለም ማለቴ መሰለው።

የካቲት ውስጥ ቡሬ ዘመድ ሞቶብን ለቅሶ ሄድኩ። እዚያ በሰነበትኩበት ሰሞን መብራት ጠፍቶ ሲመለስ፣ የይበልጣል ኮምፒውተር በተከፈተ ቁጥር ስለ ቺፗ አንድ መስመር ማስጠንቀቂያ ማሳየት ጀመረ። ሥራውን ይሠራል፤ ግን መስመሯ አለች። ይበልጣል ደግሞ ሰነድ ላይ አንዲት ነጠብጣብ ያለ ቦታዋ ካየ እህል የማይወርድለት ሰው ነው። ሰኞ ጠዋት ስልኬን ሞከረ፤ ለቅሶ ቤት ስለሆንኩ ዘግቼዋለሁ። ያን ጊዜ አሥራ ዘጠኙን ገጽ ከመሳቢያው አወጣ።

ገጽ አሥራ አንድ ላይ ከርነሉ ስለሚያቀርባት አንዲት ትንሽ ፋይል ይናገራል። ፋይሏ ላይ ቁጥር ትጽፋላችሁ፤ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሣ ቺፗ ላይ የታዘዘው ይፈጸማል። የቁጥሮቹን ትርጉም ደርድሬያለሁ። እንዲህ የምትልም አለችበት፦ «5፤ ቺፑን ያጸዳል። ይህን ቁጥር ከመጻፍ በፊት ነገሩን ደጋግሞ ማሰብ ሳይበጅ አይቀርም።»

እንግሊዝኛው ባዶ ማድረግ ነው የሚለው፤ በውስጧ ያለውን ቁልፍ ሁሉ ደምስሶ እንደ አዲስ ማስጀመር። እኔ «ያጸዳል» አልኩት፤ ሲነበብ ያምራል። ይበልጣል ማጽዳትን የሚያውቀው በየጠዋቱ በጨርቅ ነው። አቧራ ገብቶባት ይሆናል አለ። ደግሞም እንደ ታዘዘው አሰበ፤ ኋላ እንደ ነገረኝ አንዴ ተቀምጦ፣ አንዴ ሻይ ጠጥቶ ነው ያሰበው። ከዚያ 5 ብሎ ጻፈ። ኮምፒውተሩ ሲነሣ በእርግጥ ይጽዳ ወይ ብሎ ጠየቀው። ይጽዳ አለ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ!

ቺፗ ጸዳች። ማስጠንቀቂያዋም ጠፋች። ከእሷ ጋር የስምንት ዓመት ሥራ ተቆለፈ። ኮምፒውተሩ ተጠባባቂውን የይለፍ ቃል ጠየቀ፤ ይበልጣል ማውጣቱን ያስታውሳል፣ ምን እንደሆነ ግን አያስታውስም።

ማታ ደርሼ ያለ የሌለውን ሞከርኩ። ቺፗን በማውቀው መንገድ ሁሉ ጠየቅኋት፤ የጻፍኩት እውነት ነበር፣ ውስጧ ምንም አልቀረም። ሥራዬ ትክክል መሆኑን ያረጋገጥኩበት ቀን እንደዚያ ያለ ይሆናል ብዬ አልጠበቅሁም። ይበልጣል አልጮኸብኝም። እኛ ዘንድ የተቆጣ ሰው ሰላምታ ያበዛል። «እንደምን ዋልህ? ለቅሶውስ እንዴት ነበር? መንገዱስ?» አለኝ። መጨረሻ ላይ ብቻ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሣ፣ «ማጽዳት ነው ያልከው እኮ» አለ። ፋንታዬ በዚያ ምሽት ለእኔና ለባሏ በየብቻችን ሳህን አቀረበች። የልቧን ሳህኑ ተናገረላት።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው፣ የአብዛኛው ባለጉዳይ ሰነድ በወረቀት ታትሞ በየቤቱ አለ። ያልታተመው የአንዲት ሴት ይግባኝ ነበር። እትዬ የሻረግ ይባላሉ፤ ከቡሬ ወዲያ ካለች ገጠር ቀበሌ በሦስት ቅዳሜ እየተመላለሱ ያስጻፉት አራት ገጽ ነው። ሰኞ ሊታተም ነበር። የይግባኙ ጊዜ የሚያልፈው ዓርብ ነው።

በማግስቱ ፋንታዬ ሽማግሌ ጠራችብን። የመጡት መሪጌታ አየነው ናቸው፤ ቡሬ ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ የይበልጣል የክርስትና አባት። ሁለት ጎረቤቶች አስከትለው ገቡ። የክርስትና አባቱ ሲፈርዱብኝ እየታየኝ ተቀመጥኩ፤ እውነቱን ለመናገር ቢፈርዱብኝም ደስ ይለኝ ነበር። መጀመሪያ ቺፗ ትታይ አሉ። ይበልጣል ብሎኑን ፈትቶ አሳያቸው። መነጽራቸውን አውልቀው፣ መልሰው አጥልቀው አዩዋትና አጠገባቸው ላለው ጎረቤት አሳዩት። እሱም አየ። ከዚያ ወረቀቱ ይነበብ ተባለ።

እኔ አነበብኩ። ገጽ አሥራ አንድ ላይ «ሳይበጅ አይቀርም» ስል መሪጌታ እጃቸውን አነሡ። ደግሜ እንዳነብ አዘዙኝ፤ ደገምኩ። ወደ ይበልጣል ዞሩ።

«ልጄ፣ ይህን አንብበህ ነው እጅህን የሰደድኸው?»

ይበልጣል ወረቀቱ ማጽዳት እንደሚል፣ ማጽዳት ደግሞ ነውር እንደሌለው በትሕትና አስረዳ።

«ሌባም ቤት ያጸዳል» አሉ መሪጌታ።

ጎረቤቶቹ አንገታቸውን ነቀነቁ። መሪጌታ ቀጠሉ። ደጋግሞ ማሰብ ሳይበጅ አይቀርም የሚል ሰው፣ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ እየተጣራ እንደሆነ እንዴት ይጠፋሃል አሉት። ከዚህ በላይ ምን ይበልህ፣ ይስደብህ ወይ አሉት። ይህን በመሰለ ግልጽ ቋንቋ ተነግሮት ያልሰማ ሰው በማንም አያሳብብም ብለው ፈረዱ፤ ይበልጣል ይቅርታ እንዲጠይቀኝ። ምስኪኑ ተነሥቶ ትከሻዬን ሳመ። ስምንት ዓመቱን ያጠፋሁበት ሰው ይቅርታ ሲጠይቀኝ የት እንደምገባ አጣሁ።

ስለዚህ በሽማግሌዎቹ ፊት ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ። ያችን መስመር ዛሬውኑ እንደማስተካክላትና «5፤ ቁልፎቹን ሁሉ ያጠፋል። አይመለሱም» ተብላ እንደምትጻፍ ነገርኳቸው። መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አሰላሰሏት።

«ሰሙን ሰማሁት» አሉ። «ወርቁ ምንድን ነው?»

«ወርቅ የለውም፣ መሪጌታ።»

«ታዲያ ለምን ትጽፈዋለህ?»

ረቡዕ እትዬ የሻረግ ይግባኛቸውን ሊወስዱ መጡ። እስከ ቡሬ በእግር፣ ከቡሬ በመኪና። ጫማቸው አቧራ ለብሷል፤ በክንዳቸው የሰነድ ፌስታል ታቅፈዋል። ይበልጣል ሰላምታውን ከጨረሰ በኋላ ጉሮሮውን ጠረገና ጽሑፉ ትንሽ እክል እንዳገጠመው፣ መብራትም እንደጠፋ፣ ቺፕ የሚባል ነገርም እንዳለ መተረክ ጀመረ። ሴትዮዋ ፊቱን ፊቱን ያያሉ። እኔ ከጥግ ተነሣሁ።

«ጠፍቷል፣ እትዬ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

እንዲህ ያለ ነገር ለሰው ተናግሬ አላውቅም። «ሁሉም?» አሉ። «ሁሉም» አልኳቸው። ፌስታላቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ «ዓርብ መቼ ነው?» ብለው ጠየቁ፤ ከነገ ወዲያ መሆኑን እያወቁ። የራሴን ኮምፒውተር ከፍቼ ተቀመጥኩ፣ ጸሐፊው እኔ ሆንኩ።

የመጀመሪያውን ይግባኝ ይበልጣል በቃሉ ያስታውሰው ነበር፤ የሚኮራበት ጽሑፍ ነው። ሴትዮዋ አፍረው የተናገሩትን እሱ ደግሞ አሳምሮ፣ የድንበርተኛቸው የወሰን ግንዛቤ ከጊዜ ወደ ጊዜ ወደ ይግባኝ ባይ ይዞታ ያዘነበለ መሆኑን በአራት ገጽ አትቶት ነበር። አሁን ሴትዮዋ ደክሟቸዋል። መንገዱ ደክሟቸዋል፣ ሦስቱ ቅዳሜ ደክሟቸዋል፣ ማፈሩም ሳይደክማቸው አልቀረም።

«ሰውየው ማሳዬን አርሶታል» አሉ። «ባሌ ከሞተ ወዲህ ሁለት ክረምት አረሰው። የወንድሜ ልጅ ስለሆነ ዝም አልኩ። ለክስ ስመጣም ዝምድናውን ለመናገር አፈርኩ። አሁን ጻፈው።»

ይበልጣል የያዘውን እስክሪብቶ አስቀመጠ። የወንድም ልጅ መሆኑን እንዳልነገሩት፣ ቢነግሩት ኖሮ ጉዳዩ ሌላ መልክ እንደሚኖረው በዝግታ አስረዳቸው። እትዬ የሻረግ አልጠየቅኸኝም ብቻ ነው ያሉት። ልክ ነበሩ፤ እንዴት ይጠይቃል? ነውር ነው። ስንት ሰው በዚያች ጽሕፈት ቤት ገብቶ እንዲህ ያለ ጨዋ አቤቱታ ይዞ ወጥቶ፣ ዳኛው አንብቦ ምን እንደተፈለገ ሳይገባው መዝገብ ዘግቶ ይሆን? ይህን ያሰብኩት ያን ጊዜ ነው፤ ጮክ ብዬ ግን አላልኩትም። ይበልጣል ገና እንደ ቆሰለ ነበር።

አንድ ገጽ ተኩል ሆነ። አትመን፣ በሦስት ቅጂ አድርገን፣ ሐሙስ አስገባነው። ትርፍ ቅጂ በፍላሽም፣ በመሳቢያም፣ በፋንታዬ ሣጥንም አኖርን።

ይግባኙ ተቀባይነት አገኘና ለሰኔ ተቀጠረ። እትዬ የሻረግ የቀጠሮውን ወረቀት ይዘው መጥተው ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁኝ። ሰኔ የሚዘራበት ወር ነው፤ እስከዚያ የወንድማቸው ልጅ ሦስተኛ እርሻውን ይጨርሳል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። «ይጠብቁ ማለታቸው ነው» አልኳቸው፤ ቀጥተኛነቱ ለምዶብኛል።

«እሺ» አሉ። «የት ሆኜ እንደምጠብቅ ግን አልነገሩኝም።»

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ በየማክሰኞው ከፍርድ ቤቱ በር ላይ ሆኑ። ዳኛው ሲገቡ ነጠላቸውን አስተካክለው ከወገባቸው ዝቅ ይላሉ፤ እንደምን አደሩ፣ ልጆችስ ደኅና ናቸው ወይ ይላሉ። ስለ መሬት አንዲት ቃል አይወጣቸውም። ዳኛው ሲወጡም ያው ነው፤ እንደምን ዋሉ፣ ሥራው አልበረታም ወይ። እኔና ይበልጣል ከበራችን ሆነን እናያለን። በሁለተኛው ማክሰኞ ዳኛው ሰላምታውን ቆመው ተቀበሉ። በሦስተኛው፣ በጓሮ በር ገቡ የሚል ወሬ ሰማን። በአራተኛው ሳምንት ቀጠሮው ወደ ሚያዝያ መሳቡ ተነገረ።

በሚያዝያ ጉዳዩ ተሰማ፤ ባለሙያ ተልኮ ማሳው ተለካ፤ ማሳው ለእትዬ የሻረግ ተፈረደ። ግንቦት መጨረሻ ላይ በቆሎ እንደዘሩበት ሊነግሩን ሲመጡ ይበልጣል፣ የሙያ ጉዳይ ነውና፣ ሲያብሰለስለው የከረመውን ጠየቃቸው። ዳኛውን ምን ብለዋቸው ነው ቀጠሮው የተሳበው?

«እኔ? ምንም» አሉ እትዬ የሻረግ። «ጤናቸውን ነው የጠየቅኋቸው።»