የጋሽ ፈለቀ ድምፅ በመስታወት ላይ

አሰብ ላይ ጎረቤት ለመሆን ግድግዳ መጋራት አያስፈልግም፤ ሙቀቱ ይበቃል። ሲመሽ ሁላችንም አልጋችንን ግቢ እናወጣለን፤ ከዚያ በኋላ ማን ሚስቱን እንዳኮረፈ፣ የማን ልጅ እንደሚያስል ለማወቅ ጆሮ ማቆም ከንቱ ድካም ነው። ዘመኑን ደግሞ ታውቁታላችሁ። ሰው አጠገቡ ለተኛችው ሚስቱ እንኳ ትንፋሹን ቆጥቦ የሚያወራበት ጊዜ ነበር።

ይህን ያልቻለው ጋሽ ፈለቀ ብቻ ነው። ዕድሜውን የጀልባ ሞተር ሲጠግን ኖሮ ጆሮው ደክሟል፤ የራሱን ድምፅ ስለማይሰማ ያንሾካሾከ እየመሰለው ይጮኻል። «ዘውዴ፣ ስኳሩን እኮ ካድሬዎቹ ናቸው የተከፋፈሉት!» ሲል ግቢውን በሙሉ ባንዴ እንቅልፍ ይወስደዋል።

ሚስቱ እትዬ ዘውዴ በፍርሃት አለቀች። እኔ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበርኩና መጣችብኝ። «ወንድሜ፣ ይህ ሰውዬ ራሱን ሊያስበላ ነው፤ እባክህ አንድ ነገር አድርግ» ብላ አለቀሰች።

እኔ ምን ሐኪም ነኝ? ግን ኦሲሎስኮፕ የሚባል መሣሪያ ነበረን፤ ድምፅ ሲገባበት ትንሿ መስታወቱ ላይ አረንጓዴ ሞገድ ይሠራል። አለቃዬን አስፈቅጄ ጋሽ ፈለቀን ማይክሮፎን ፊት አስቀመጥኩት። መስታወቱ ላይ ፕላስተር ለጠፍኩና ሞገዱ ከዚያ እንዳያልፍ በእጄ አሳየሁት። «እሺ!» አለ። ሞገዱ ከመስታወቱ ወጥቶ ጠፋ።

ብዙ ሳምንት ፈጀብን። ድምፁን በዓይኑ እያየ፣ ጉሮሮውን በጣቱ እየዳሰሰ፣ ቀስ በቀስ ለመደ። አንድ ቀን እትዬ ዘውዴን ማይክሮፎኑ ጋ ጠራት። ምን እንደምትል ግራ ቢገባት ስሙን ጠራች። ሞገዱን ትኩር ብሎ አየና «ድምፅሽ አላረጀም» አላት፤ ከፕላስተሩ በታች። ምን እደብቃችኋለሁ፣ እንባዬ መጣ።

ደስታችንን ሳንጠግብ ግን የቀበሌው ካድሬ አስጠራው። «ጓድ ፈለቀ!» አለ ጆሮው ላይ ተደፍቶ፤ «ስትጮህ የዋህ ነው ብለን ትተንህ ነበር። አሁን ምንድን ነው ከሚስትህ ጋር የምታንሾካሽኩት?»

እትዬ ዘውዴ ተከትላው መጥታ በሩ ላይ ቆማለች። ጋሽ ፈለቀ ትንሽ አሰበና ጣሪያው እስኪነቀል፣ «ሙቀቱን ነው የማማው!» ብሎ ጮኸ። ካድሬው ሳቀና ለቀቀው።

ከዚያ ወዲህ ጋሽ ፈለቀ ስለ ሙቀቱ ይጮኻል፣ መፈክሩን ይጮኻል፣ የልቡን ግን ያንሾካሽካል። እትዬ ዘውዴ «እንደ ሰው አደረግህልኝ» ብላ መረቀችኝ። እውነቷን ነው፣ ልክ እንደኛ ሆነ። ግቢያችን ውስጥ ያሰበውን አውጥቶ የሚናገር አንድ ሰው ነበር፤ እሱንም አዳንነው።