ሦስተኛው ጉሮሮ ተኝተዋል

ለመሆኑ ታላቅ ሰው ሲሳሳት ምን ተብሎ ነው የሚነገረው? ይህን ጥያቄ ከልጅነቴ ጀምሮ ተሸክሜው ኖሬያለሁ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ አማርኛ ያጠናሁት፣ ከእናንተ ምን እደብቃለሁ፣ መልሱን አገኝ ይሆናል ብዬም ነበር። ሰዋስው «ተሳስተዋል» በሉ ይላል። ይበል እንግዲህ! ባደግሁባት ከተማ በመርሳ ግን ይህ ቃል ፊት ለፊት ሲነገር ሰምቼ አላውቅም። ደግሞ ቃሉ ራሱ ይሉኝታ አለበት፤ «ተሳስተዋል» ስትሉ የተሳሳቱት እርስዎ ይሁኑ እነዚያ ማዶ የቆሙት ሰዎች አይለይም። እንዲህ መሸሸጊያ ያለው ቃል እንኳ ከአፌ አልወጣ ብሎኝ ኖረ።

እኛ ጋ የተሳሳተ ትልቅ ሰው የሚባለው «ማሻአላህ» ነው። ሻዩ ሲቀጥን ማሻአላህ። የሠራው አጥር ሲያዘም ማሻአላህ።

አጎቴ እንድሪስ በጎልማሳነታቸው ከአሰብ ይዘዋት የመጡ ቀይ የጣሊያን መኪና አለቻቸው። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ከመሬት ብዙም ያልራቀች፣ ለእሽቅድምድም የተሠራች ናት፤ መርሳ ላይ የምትሽቀዳደመው ግን ከባጃጅ ጋር ነው፣ እሱንም ትሸነፋለች። ሌላው መኪና አየር የሚስበው በአንድ አፍንጫ ሲሆን የእሷ ሞተር አራት ጉሮሮ አለው። እያንዳንዱ ጉሮሮ የራሱ ክዳን፣ ክዳኑም የራሱ ማስተካከያ ቡሎን አለው። አራቱ እኩል ካልተነፈሱ ነገሩ የጣውንቶች ቤት ነው፤ አንዷ ስትጎትት ሌላዋ ታኮርፋለች፣ መኪናዋም ዳገት ላይ ሳል ይይዛታል።

እኩልነታቸው የሚታወቀው በጆሮ ነው። የቀጭን ጎማ ቱቦ አንዱን ጫፍ ወደ ጉሮሮው ማስጠጋት፣ ሌላውን ጆሮ ላይ አድርጎ የአየሩን ድምፅ ማዳመጥ። የአጎቴ ጆሮ ከደከመ ቆይቷል፤ እሳቸው ግን የደከመው ቱቦው ነው ባይ ናቸው። ስለዚህ ደጃፋቸው ካለው የማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር ቆመው አላፊ አግዳሚውን ይጠራሉ።

«እስቲ ስማልኝ፤ እኩል ናቸው አይደል?»

የተጠራው ቱቦውን ጆሮው ላይ ያደርግና፣ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ፣ «ማሻአላህ! እንደ ሶላት ሰልፍ!» ይላል። በዚህ ሁሉ ምስጋና ታጅባ መኪናዋ የውጫሌን ዳገት ሳታስል የወጣችበት ቀን የለም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ከወልድያ በኩል የሚሰማው ድምፅ እየቀረበ እየቀረበ፣ አንድ ጠዋት ሰፈሩ ጓዙን ተሸክሞ ወደ ደሴ መንገድ ወጣ። አክስቴ ዘሃራ ግን ዳሌዋ ተሰብሮ መራመድ አትችልም። የአጎቴ ታላቅ እህት ናት፤ እንደ እናት ስላሳደገችኝ አንቺ እላታለሁ። ባጃጁም ሚኒባሱም ነዳጅ አጥቶ ቆሟል። አጎቴ ለክፉ ቀን ያስቀመጡት አንድ ጀሪካን ቤንዚን ነበራቸው። የቀረችው እንግዲህ ቀይዋ ናት፤ እሷም ውጫሌ ዳገት ላይ ከቆመች አክስቴ ሜዳ ላይ መቅረቷ ነው።

አክስቴን አቅፈን አስገባናት። አጎቴ ሞተሩን አስነስተው፣ ቡሎኖቹን በካቻቢቴ ነካ ነካ አደረጉና ቱቦውን ሰጡኝ።

«ስሚልኝ ሰዓዳ።»

አንደኛው ጉሮሮ ትኩስ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው እፍ ይላል። ሁለተኛውም፣ አራተኛውም። ሦስተኛው ግን እንደ ተኛ ሕፃን ነው፤ መተንፈሱም ያጠራጥራል።

«እንድሪስ፣ ዛሬም እያሳለች ልትወስደኝ ነው?» አለች አክስቴ ከውስጥ። «ከእሷ የእኔ ዳሌ ይሻላል እኮ!»

«ዝም በይ እስቲ፣ ልጅቷ ትስማበት!» አጎቴ የሞተሩን መክደኛ ሊዘጉ እጃቸውን ሰደዱ። «እኩል ናቸው አይደል፣ ልጄ?»

«ማሻአላህ» ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። በወልድያ በኩል አንድ ነገር ድው አለ። ደንግጬ አፌን ከፈትኩ።

«ተሳስተሃል!»

አንተ! ሰዋስው ያጠናሁት እኔ፣ አጎቴን አንተ አልኳቸው።

አክስቴ አንገቷን በመስኮት አወጣች። «አንቺ! ጦር መጣ ተብሎ ሥርዓትም አብሮ ይሰደድ?» መድፉን የረሳችው መሰለኝ።

አጎቴ ግን ትክ ብለው አዩኝ። «የትኛው?»

«ሦስተኛው። ተኝቷል... ተኝተዋል» አልኩ። ያጎደልኩትን አንቱታ ለጉሮሮው ከፈልኩ።

ቡሎኑን ትንሽ አዞሩት። «አሁንስ?»

«ትንሽ ይቀራቸዋል።»

ደግመው አዞሩት። ሦስተኛው ነቃ። አራቱም አንድ ድምፅ ሆኑ። እነሱ በመኪናዋ፣ እኔ ከጎረቤቶቻችን ጋር በእግርም በጭነት መኪናም ተጓዝን። ሐይቅ ከተማ ስንገናኝ አክስቴ፣ «ዳገቱን አንዴም ሳታስል ወጣችው» አለችኝ። «አንቺን ግን አልማርኩሽም።»

«ስንት ዓመት ሙሉ ሰው ማሻአላህ እያለ መኪናዬን አነቀብኝ!» አሉ አጎቴ። «ከእንግዲህ የሞተሩ መክደኛ ሲከፈት አንተ በይኝ፤ ሲዘጋ አንቱ።»

«ወላሂ አትልህም!» አለች አክስቴ።

ሁሉም አልፎ ወደ መርሳ ተመለስን። ማንጎው ጥላ ሥር ሰፈሩ እንደ ድሮው ተሰበሰበ፣ ቱቦው ከጆሮ ጆሮ ዞረ። ማሻአላህ፣ ማሻአላህ። ተራው እኔ ጋ ደረሰ። አሁን ደግሞ ሁለተኛው ጉሮሮ ሰንፏል። አጎቴ «አንተ»ን በጉጉት ይጠብቃሉ። አክስቴ ምርኩዟን ተደግፋ፣ «አንተ» ብል ምርኩዙ የት እንደሚያርፍ በዓይኗ እየነገረችኝ ነው። እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ?

እኔስ ወሰንኩ። «ማሻአላህ» አልኩና፣ ካቻቢቴውን ከአጎቴ እጅ ተቀብዬ ቡሎኑን ራሴ አዞርኩት።